ምንም የማይጠይቀው ፍላሽ

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ አምስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። የሄድኩበት አገር ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ጠዋት ከአስኮ የተሳፈረ ሰው ምሳውን አምቦ ይበላል። የዘገየሁት አፍሬ ነው። የጉለሌ ጎረቤቶቼ «አምቦ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው፣ ሰዉ ደግ ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ሰዉ ደግ መሆኑ እውነት ነው። የቀረውን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ትናንት አንድ ስልክ ደውዬ ከዘጋሁ ወዲህ ነው ካልጻፍኩት አያስተኛኝም ያልኩት።

ሰላማዊት እባላለሁ፤ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአምቦና በአካባቢው ለሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች አሥራ ስምንት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሰጠ። ትንሽ ስል የምር ትንሽ ናቸው፤ አንዱ ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም፣ መብራት የሚበላውም እንደ አንድ አምፖል ነው። በውስጣቸው የሚጫነውን እንዳዘጋጅ ተጠየቅኩ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ማንም በነፃ ወስዶ እንደፈለገ ሊለውጠው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ። ጨዋታዎቹን አወጣሁ፤ የአማርኛና የኦሮምኛ መጻፊያ ጨመርኩ፤ የመማሪያ መጻሕፍት ከነሥዕላቸው አስገባሁ። ቦታ ሲተርፈኝ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ አከልኩበትና ዲስኩን ጢም አደረግኩት።

ከሁሉ የኮራሁበት ግን ሌላ ነው። ሲስተም ሲጫን በየመሀሉ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ቋንቋህ ምንድን ነው፣ ሰዓትህ የየት አገር ነው፣ ዲስኩ ላይ ያለው ይጥፋ ወይስ ይቆይ? «አስተማሪዎቹን ምን አስጨነቃቸው» ብዬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፤ መልሱን ሁሉ እኔው አስቀድሜ ሞላሁላቸው። ሲስተሙን የያዘውን ፍላሽ መሰካት፣ ማሽኑን ማብራት፣ መጠበቅ፤ ሌላ ሥራ የለም። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ «ይጥፋ» ብዬ ስሞላ እጄ እንኳ አልዘገየም። አዲስ ዕቃ ምን አለበትና?

ሰኞ

ሚያዝያ ነበር፣ ሁዳዴ ጾም። ሁለቱን ካርቶኖች አንዱን እግሬ ሥር፣ አንዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ቢለኝ «እኔን ጣሪያ ላይ ጫነኝ፣ እሱን ግን አትንካብኝ» አልኩት።

ሆለታ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን አገላበጠና «ይሄ የዲሽ ሪሲቨር ነው» አለ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«ቲቪ የሌለው ኮምፒውተር የት አገር አለ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ስክሪኖቹ በጭነት መኪና ቀድመው መሄዳቸውን የሚገልጸውን ወረቀት ከነማኅተሙ ሳሳየው አለፈን። እስከ አዲስ ዓለም ድረስ አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ «ኮምፒውተር ማለት ስክሪኑ ይመስለዋል እኮ!» እያልኩ ስቀልድበት ሄድኩ። ያንን ሳቅ አሁን ባልሳቅኩት ኖሮ እላለሁ።

አዲስ ዓለም መኪናው ሲቆም የተቀቀለ ድንች በመስኮት ገዛሁ። ሻጯ ቆጥራ ከሰጠችኝ በኋላ አንድ ጨመረችና «ለመንገድሽ» አለችኝ። እኛ ሰፈር ድንች ሻጭ የምትጨምርልህ ነገር ቢኖር ስድብ ነው። ጊንጪ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ እስኪቀይር ፀሐዩ ናላ ያዞራል፤ ከመንገዱ ዳር ካለች ሱቅ አንድ ሽማግሌ ወጥተው በርጩማቸውን ሰጡኝ። እኔ ካርቶኑን አስቀመጥኩበትና ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው ካርቶኑን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ሁለተኛ በርጩማ አመጡ።

አምቦ የደረስኩት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ያረፍኩበት ፔንሲዮን አልጋው እንደ ቤቴ አልጋ መሀሉ የጎደጎደ ስለነበር ወዲያው ተላመድን።

ማክሰኞ

የአምቦው ሥራ እንደ ቅቤ ሄደ ልል ነበር፤ ጾም ስለነበር ይቅር። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሁለቴም መጣ። ስድስቱም ማሽኖች በአማርኛና በኦሮምኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ ተከፈቱ። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን አጣምረው ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ምንም አይጠይቅም?»

«ምንም።»

«ጎበዝ!»

አንዲት የኬሚስትሪ አስተማሪ ብቻ ከበሩ አጠገብ ሆና «ተሳስተን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብንሰካውስ?» አለች። «ለምን ትሳሳታላችሁ?» ብዬ መለስኩላት። ሰው ሳቀባት፤ እሷም አፍራ ወደ ክፍሏ ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ

ጉደር ከአምቦ ቅርብ ነው። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አዴ ጫልቱ በር ላይ ጠበቁኝ፤ አምሳን የተሻገሩ፣ ፈገግታቸው ከፊታቸው የማይጠፋ ሴት ናቸው። «በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ የኔ ልጅ» ብለው ካርቶኑን ከእጄ ተቀበሉ። ኮምፒውተር የሚያውቀው መምህር ፈይሳ ለቅሶ ሄዶ አልነበረም።

«ትጾሚያለሽ አይደል?» አሉኝ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው።

«እጾማለሁ፣ ግን ለኔ ብለው እንዳይቸገሩ። ዳቦ በሻይ ይበቃኛል።»

«እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ቤታችን ድስቱ ሁሉ ቅቤ የነካው ነው። አዲስ ድስት ገዝቼ በዘይት ሽሮ እሠራልሻለሁ።» እምቢ ብል፣ ብለምን፣ አልሰሙኝም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ገበያ ወጡ። ብቻዬን የቀረሁት እንግዲህ ለጾሜ ሲባል ነው።

ስድስቱን ጨረስኩ። ከመስኮቱ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ጠረጴዛ አንድ ሰባተኛ ነበር፤ አሮጌ፣ እንደኔዎቹ ትንሽ ማሽን። ኪቦርድና ማዳመጫ ተሰክቶበታል፣ ስክሪን የለውም። ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? የተጣለ ነው አልኩ። ኪቦርዱ ላይ፣ ሦስት ቁልፎች ላይ፣ ሻማ ተንጠባጥቦ ደርቋል። «እነዚህ ሰዎች መብራት ሲጠፋ ሻማ እዚህ ላይ ያቆማሉ» ብዬ አዘንኩለት። መለዋወጫ ስክሪን አገናኘሁ፣ ፍላሼን ሰካሁ፣ አበራሁት። እሱ እስኪጫን በአልኮልና በጥጥ ሻማውን አንድ በአንድ ፈግፍጌ አነሳሁ። ኪቦርዱ አዲስ መሰለ። ሰባቱም አንድ ዓይነት ሆነው ተሰለፉ፤ በጣም ደስ አለኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን ሳስታውስ ነው የበለጠ የሚያመኝ።

ምሳ ቤታቸው በላሁ። ከምግብ በፊት በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ በመሀሉ ስሜን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ሽሮው ከእናቴ ሽሮ በለጠ፤ ይህን እናቴ እንዳትሰማ። ስለ ሰባተኛው ማሽን አላነሳሁም። ለድንገተኛ ደስታ አስቀመጥኩላቸው።

ሐሙስ

ወደ ወንጪ የሚሄደው መኪና ገደሉ አፋፍ ላይ አወረደኝ፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው መንደር፣ ወደ ሐሮ ወንጪ፣ በፈረስ ነው። ፈረሱ ካርቶኑን በጸጥታ ተሸከመ፣ እኔን ግን ጠላኝ። ሐይቁ ያምራል። ስለ ውበቱ ሌሎች ስለጻፉ እኔ አልደግመውም፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ብዙም አላየሁት።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኦቦ ቶሌራ የአዴ ጫልቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ማሽኖቹ በሶላር ተነሱ፤ ልጆቹ መስኮት ላይ ተደራርበው ያያሉ። አመሻሽ ላይ ለመክሰስ ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ። እኛ ጋ ቆጮ የክትፎ አጃቢ ነው፤ እዚህ ራሱን ችሎ የቤቱ ጌታ ነው። ኦቦ ቶሌራ ሲያጫውቱኝ ቆይተው ሳይጨልም ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጡ። ሲመለሱ ጨዋታቸው ጠፋ። ማር አምጥተው ሳህኔ ላይ ጨመሩ፣ አሁንም ጨመሩ። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ደክሞኝ ነው፣ አንቺ ብቻ ብዪ» አሉ።

ዓርብ

ጠዋት እስከ አፋፉ ሸኙኝ። መኪናው ሩቅ ሆኖ አቧራው ሲታይ ድንገት «እህቴ ለምናኝ ነበር፣ እንዳልነግርሽ» አሉ። «‹እንግዳ አናስከፋ፣ መንገዷን በሰላም ትጨርስ› አለች። ግን እኔም አስተማሪ ነኝ። ጉደር ያ ጥግ ያለው ኮምፒውተር የሌንሴ ነበር።»

ሌንሴ ማን እንደሆነች ነገሩኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ አያዩም፤ አሥረኛ ክፍል ናት። መምህር ፈይሳ ከመስከረም ጀምሮ ከትምህርት በኋላ እየተቀመጠ የአሥረኛ ክፍል መጻሕፍትን በድምፁ ቀድቶላታል፤ በእንግሊዝኛ ያነብባል፣ ከዚያ በኦሮምኛ ያስረዳል። ማሽኑንም ገዝቶ ያስቀመጠላት እሱ ነው። ስክሪን ያልነበረው ስክሪን ስለማያስፈልጋት ነው። ሻማውም ሳይታወቅ የተንጠባጠበ አይደለም፤ ማስጀመሪያዋን፣ ማቆሚያዋንና ወደ ኋላ መመለሻዋን በጣቷ እንድታገኝ እሱ ያንጠባጠበው ነው። አገር አቀፍ ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የኔ መለቀም እንደማይችል እዚያው ቆሜ አወቅኩ። የጠፋ ፋይል ቦታው በሌላ ካልተሸፈነ ይገኛል፤ እኔ ግን በዚያ በምኮራበት ኢንሳይክሎፒዲያ ዲስኩን ጢም አድርጌ ሸፍኜዋለሁ። ቢሆንም በአምቦ በኩል ቀጥታ ጉደር ሄድኩ።

ከለቅሶ የተመለሰው መምህር ፈይሳ የኔ እኩያ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። «ይቅርታ አድርግልኝ» ስለው «ሂን ያዲን፣ አታስቢ፣ እኔም ኮፒ ማስቀመጥ ነበረብኝ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከደረስኩ ጀምሮ የጠፋ ፋይል መፈለጊያውን አስሮጥኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንድ የድምፅ ቁራጭ ተገኘ፤ ሁላችንም ተሰብስበን አዳመጥን። «ሌንሴ፣ ነ ዳጌሳ?» ይላል የፈይሳ ድምፅ፤ ትሰሚኛለሽ ወይ ማለት ነው። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የወንበር ድምፅ። ከዚያ ወዲያ የለም። ፈይሳ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

አዴ ጫልቱ በአዲሱ ድስት ሽሮ ሠርተው ይዘው መጡ። መብላት አቃተኝ፤ እሳቸው ግን ማንኪያውን እጄ ላይ አስያዙኝ።

ቅዳሜ

ሌንሴ መጣች። ረጅም ናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። ወንበሯን ራሷ አገኘች፣ ተቀመጠች፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳለፈች፤ ደግማ አሳለፈች።

«ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ። ሰላማዊት እባላለሁ።»

«በጣም ንጹሕ ነው» አለች። «አሁን የት እንዳለሁ አላውቅም።»

ለቅሶዬን መያዝ አልቻልኩም። እሷ በድምፄ ወዳለሁበት ዞረችና «አንቺ እንግሊዝኛ ማንበብ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል? መጽሐፉ አልጠፋ። ባዮሎጂውን ያዢና ጀምሪ፤ ቲቸር ታሪኩን ይያዝ።»

ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበር እኔ በአንድ ክፍል፣ ፈይሳ በሌላ ክፍል ሆነን መቅዳት ጀመርን። እኔ እንግሊዝኛውን ብቻ አነብባለሁ። ፈይሳ ቀድሞ የልብን አሠራር ሲያስረዳት ከጉደር ወንዝ ውሃ የሚስበውን የአትክልተኞች ፓምፕ እያነሳ በኦሮምኛ ነበር፤ ፓምፑን በልጅነቷ በጆሮዋ ታውቀዋለች። እኔ ፓምፑን አላውቀው፣ ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አያልፍ። አባቴ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ጉለሌ ሲያሳድገን ቋንቋውን አላስተማረንም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሳነብ ይህ ትዝ ይለኝ ነበር። ሌንሴ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰምታ «ድምፅሽ ጥሩ ነው» አለች። ቆይታ «ግን ትሮጫለሽ» ብላ ጨመረች።

እሑድ

እነሱ ከጸሎት ቤት፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቀጠልን። ማታ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከባዮሎጂው ሦስት ምዕራፍ፣ ከታሪኩ ሁለት ብቻ ነው የተቀዳው። የሰባት ወር ሥራ በሁለት ቀን አይተካም፤ ይህን ማስላት የማንንም እውቀት አይጠይቅም።

ከመነሳታችን በፊት ሌንሴ ሻማ እንዲመጣ አለች። እኔ ሻማውን ያዝኩ፣ እሷ ጣቷን ቁልፉ ዳር ላይ አድርጋ አሳየችኝ። አንጠባጠብኩ። የመጀመሪያው ጠብታ ጣቷን ነካው፤ «አቃጠልኩሽ!» ብዬ ጮህኩ። «ምንም አይደል፣ ጨምሪበት፣ ትንሽ ከፍ ይበል» አለች። ሦስቱንም ጨረስን። ጣቷን አሳለፈችና «አሁን ቤቴ ነኝ» አለች።

ሰኞ፣ መመለሻ

አዴ ጫልቱ መኪና ድረስ ሸኙኝ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ፤ አዲሱ ድስት ነበር። «የጾም ድስት ነው፣ እኔ ጋ ከቀረ ቅቤ ይነካዋል። ላንቺ ነው የተገዛ» አሉ። ለበደለቻቸው ሰው ስጦታ ሲሰጡ ምን ይባላል? «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው፤ ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረኝም። በመንገዱ ሁሉ፣ በጊንጪም በአዲስ ዓለምም፣ ድስቱን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ስሄድ ካርቶኑን እንደያዝኩት።

ሆለታ ያው ፈታሽ ነበር። ፌስታሉን ገልጦ አየና «ይሄስ ድስት ነው» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩለትም። ምን ብዬ ልንገረው? ቲቪ የሌለው ኮምፒውተር የት አገር እንዳለ አሁን አውቄያለሁ።

ቤቴ ገብቼ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ፍላሹ ላይ የሚጫነውን ዋናውን ቅጂ መክፈት ነው። ያወጣሁትን ጥያቄ መልሼ አስገባሁት። በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛና ሰው ለምኜ ባስተረጎምኩት ኦሮምኛ፦ «በዚህ ማሽን ውስጥ የሰው ሥራ ሊኖር ይችላል። ባለቤቱን ጠይቀዋል? ይጥፋ ወይስ ይቆይ?» መልስ ካላገኘ አያልፍም። ማኅበሩ «ለምን ያስቸግራል?» ብሎ ነበር፤ አልነካውም አልኩ። አዲሱን ፍላሽ ለሦስቱም ትምህርት ቤቶች ላክሁ፤ ዕዳዬን የከፈልኩ ያህል ትንሽ ቀለለኝ።

ውጤት ወጣ ሲባል ለመደወል ፈራሁ። ትናንት ደወልኩ። ሌንሴ ድምፄን ወዲያው አወቀችው።

«ሒሳብና እንግሊዝኛ ጥሩ ነው» አለች። «ባዮሎጂና ታሪክ ጎተቱኝ። መሰናዶ አልገባሁም።»

ለቅሶዬ እንዳይሰማት ስልኩን ከአፌ አራቅኩት።

«አታልቅሺ እንጂ! በግል ድጋሚ እፈተናለሁ። ቲቸር ፈይሳ እንደገና እየቀዳልኝ ነው፤ ምዕራፍ አራት ደርሰናል። በሦስት ቦታ ኮፒ ያስቀምጣል አሁን።»

የምነግራት ደግ ነገር ፈልጌ «ፍላሹ እኮ አሁን ይጠይቃል» አልኳት። «በሁለቱም ቋንቋ። ሳይመልሱለት ምንም አያጠፋም። ባንቺ ምክንያት ነው ያስገባሁት።»

«ገለቶሚ፣ በጣም ደስ ይላል» አለች። ከልቧ ነበር። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«በድምፅ ነው የሚጠይቀው?»

ማሽኑ ፊት ለፊቴ በርቶ ነበር። ጥያቄዬ ስክሪኑን ሞልቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ መልስ ይጠብቃል።

«በጽሑፍ ነው» አልኳት።